«ወርሺፕ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃልና የስግደት ትምህርታችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጉዳይ አለ። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ወይም በሥራ ቦታ ከሌሎች ጋር ሲነጋገሩ «እናንተ ማርያምን ‹ወርሺፕ› ታደርጋላችሁን?» የሚል ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ያየውን ያስባል፤ እናቱ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ስትሰግድ አይቷል፤ «ስግደት» የሚለው ቃልም በእንግሊዝኛ «ወርሺፕ» ተብሎ ሲተረጐም ሰምቷል። ስለዚህ «አዎን» ብሎ ይመልሳል። እርሱ እውነቱን የተናገረ ይመስለዋል፤ ጠያቂው የሰማው ግን «ማርያምን እንደ አምላክ እናመልካታለን» የሚል ቃል ነው። ሌላው ልጅ ደግሞ በጥያቄው ደንግጦ «የለም፣ ለማርያም አንሰግድም» ይላል። የመጀመሪያው ያላመነውን እንዳመነ ተቈጠረበት፤ ሁለተኛው ያመነውን ካደ። ሁለቱንም ያሰናከላቸው የአንድ ቃል ትርጉም ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ወርሺፕ» የተባለው ቃል ከየት እንደመጣ፣ በልዩ ልዩ ዘመናትና ቦታዎች ምን ምን ትርጉም እንደያዘ፣ ከእኛ «ስግደት» እና «አምልኮ» ከሚሉት ቃላት ጋርም የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ በእግዚአብሔር ቸርነት እንመለከታለን።

የቃሉ ጥንተ ትርጉም

«ወርሺፕ» በጥንታዊው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከሁለት ክፍሎች ተጋጥሞ የተሠራ ስም ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ወርዝ» ሲሆን ዋጋ ያለው፣ የተገባው፣ ክብር የሚገባው ማለት ነው። ሁለተኛው «ሺፕ» በዚህ ቦታ መርከብ ማለት ሳይሆን በቃል መጨረሻ እየገባ ሁኔታን የሚያመለክት ቅጥያ ነው። «ፍሬንድ» ወዳጅ ከሆነ «ፍሬንድሺፕ» ወዳጅነት እንደሚሆን ሁሉ፣ «ወርሺፕ» ማለትም በጥንተ ትርጉሙ ክብር የሚገባው መሆን፣ ክቡርነት፣ ማዕርግ ማለት ነበር። ከእኛ ቋንቋ ቢፈለግ በቅዳሴያችን የምንሰማው «ይደሉ» የሚለው የግእዝ ቃል ለዚህ አሳብ ይቀርባል፤ ይገባል፣ የተገባ ነው ማለት ነውና።

እንግዲህ ቃሉ በመነሻው ለእግዚአብሔር ብቻ የተለየ አልነበረም። ክብር የሚገባው ሁሉ እንደየደረጃው «ወርሺፕ» ይገባው ነበር። ለፈጣሪ እንደ ፈጣሪነቱ፣ ለንጉሥ እንደ ንጉሥነቱ፣ ለአባት እንደ አባትነቱ ይነገር ነበር።

እስከ ዛሬ የቀሩ ምስክሮች

ይህ የጥንቱ ትርጉም ፈጽሞ አልጠፋም። በእንግሊዝ አገር የከተማ ከንቲባን፣ በአንዳንድ ፍርድ ቤቶችም ዳኛን ሲያነጋግሩ «ዩር ወርሺፕ» ይሏቸዋል። በካናዳም ከንቲባዎች በዚሁ ማዕርግ ይጠራሉ። እንዲህ ብሎ የሚጠራ ሰው ከንቲባውን ማምለኩ አይደለም፤ እኛ «ክቡርነትዎ» እንደምንለው ያለ ነው። በለንደን ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቆዩት የወርቅ አንጥረኞች፣ የዳቦ ጋጋሪዎችና የሌሎችም የሙያ ማኅበራት በስማቸው መጀመሪያ «ወርሺፕፉል» የሚል ቃል አለባቸው፤ የተከበረ ማኅበር ለማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በጋብቻ ሥርዓት የገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1549 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ሙሽራው ለሙሽራዪቱ ቀለበት ሲያደርግላት በሥጋው እርስዋን «ወርሺፕ» እንደሚያደርግ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1662 በወጣው እትምም ቃሉ እንዳለ ቆይቷል። ትርጉሙ አከብርሻለሁ ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን «ፒዩሪታን» የተባሉት ወገኖች ሰው ለሚስቱ እንዲህ ማለቱ ለፈጣሪ የሚገባውን ለፍጡር መስጠት ነው ብለው ቃሉን ተቃውመውታል። በቅርብ ዘመን በተዘጋጁት ሥርዓቶችም «አከብርሻለሁ» በሚል ቃል ተተክቷል። እንግሊዝኛን አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ በዚህ ቃል እርስ በርሳቸው ተከራክረዋልና ዛሬ በሁለት ቋንቋዎች መካከል የቆመው ወጣታችን ቢቸገር አያስደንቅም።

በመጽሐፍ ቅዱስ የእንግሊዝኛ ትርጉም

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው በንጉሥ ጄምስ ስም የሚጠራው ትርጉም ቃሉን በሁለቱም መንገድ ይጠቀምበታል። ጌታችን በግብዣ ላይ ዝቅ ባለው ስፍራ ስለሚቀመጥ ሰው ሲያስተምር፣ ያ ሰው ወደ ላይ ከፍ በል በተባለ ጊዜ በተቀመጡት ሁሉ ፊት ስለሚያገኘው ክብር ተናግሯል (ሉቃ. 14፥10)። እኛ «ክብር» ብለን በምናነበው ቦታ የ1611ዱ ትርጉም «ወርሺፕ» ይላል። ዕዳ ያለበት ባሪያ በጌታው ፊት ወድቆ እንደሰገደ በሚናገረው ምሳሌም (ማቴ. 18፥26) ያንኑ ቃል ይጠቀማል። ከሁሉም በላይ ዳዊት ለቤተ መቅደሱ ሥራ ስጦታ በሰበሰበበት ቀን ጉባኤው ሁሉ ለእግዚአብሔርና ለንጉሡ እንደሰገዱ በተጻፈበት ቦታ (1ኛ ዜና 29፥20) ለሁለቱም አንድ ግሥ ብቻ ተነግሯል። ሕዝቡ ዳዊትን አምላክ ነው እንዳላሉ ማንም ያውቃል። የውጭው ምልክት አንድ ቢሆንም የልቡ አሳብ ሁለት ነበረ፤ ለእግዚአብሔር የአምልኮ፣ ለንጉሡ የአክብሮት። በኋላ ዘመን ከተዘጋጁት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ብዙዎቹ በእነዚህ ቦታዎች ላይ «ወርሺፕ» የሚለውን ትተው ሌላ ቃል መርጠዋል፤ የአንባቢው ጆሮ ተለውጧልና።

ቃሉ በዛሬው አነጋገር

በዛሬው የተለመደ ንግግር፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ ቃሉ አራት ዋና ዋና አገልግሎቶች አሉት።

አንደኛ፣ ለፈጣሪ ብቻ የሚቀርብ አምልኮ ማለት ነው። ተራው ሰው «ወርሺፕ» ሲባል በቅድሚያ የሚሰማው ይህን ነው። ጥያቄ የሚያቀርቡልን ሰዎችም በዚህ ትርጉም ይጠይቁናል።

ሁለተኛ፣ በሕግና በአስተዳደር ቋንቋ የእምነት ተግባርን ሁሉ በአንድነት ያመለክታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1855 የአምልኮ ቦታዎችን ስለ መመዝገብ ባወጣችው ሕግ ቃሉ በዚህ መልኩ ገብቷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም እ.ኤ.አ. በጥር 1941 ስለ አራቱ ነጻነቶች ሲናገሩ ሰው ሁሉ በየራሱ መንገድ እግዚአብሔርን የማምለክ ነጻነት አንዱ እንደሆነ ገልጸዋል። በውጭ ያሉ አጥቢያዎቻችን ሕንፃ ሲከራዩ ወይም ሲገዙ በሚሞሉት ወረቀት ላይ «ፕሌስ ኦፍ ወርሺፕ» የሚል ያገኛሉ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ምኵራብና መስጊድ በዚህ አንድ መጠሪያ ይጠቃለላሉ።

ሦስተኛ፣ በብዙ የፕሮቴስታንት ጉባኤያት ውስጥ ቃሉ ከስብከቱ በፊት ለሚቀርበው መዝሙር መጠሪያ ሆኗል። «ወርሺፕ ሊደር» ሲሉ የመዝሙር መሪ፣ «ወርሺፕ ቲም» ሲሉ የመዘምራን ቡድን ማለታቸው ነው። ይህ አነጋገር ወደ አገራችንም ገብቷል፤ አንዳንድ የእኛ ወጣቶችም መዝሙርን ብቻ አምልኮ ማለትን ከዚሁ ተምረዋል። እኛ ግን መዝሙርን ብናከብርም የአምልኮታችን ማዕከል ቅዱስ ሥጋውና ክቡር ደሙ የሚፈተትበት ቅዳሴ ነው። ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ምጽዋቱና ንስሓውም ከአምልኮ ወገን ናቸው። ሐዋርያው ሰውነታችንን ሕያው መሥዋዕት አድርገን እንድናቀርብ ያስተማረን (ሮሜ 12፥1) አምልኮ መላ ኑሮን የሚይዝ ስለሆነ ነው።

አራተኛ፣ ከመጠን ያለፈ ፍቅርን ወይም አድናቆትን ለመግለጽ ይነገራል። ቶማስ ካርላይል የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው መጽሐፉ ርእስ ላይ «ሂሮ ወርሺፕ» የሚለውን አጠራር፣ ጀግኖችን ማምለክ እንደ ማለት፣ ተጠቅሞበታል። ገንዘብን፣ ዝናን፣ ኳስ ተጫዋችን ወይም ዘፋኝን «ወርሺፕ» ያደርጋል ሲባልም እንሰማለን። ወደዚህ ነጥብ በመጨረሻ እንመለሳለን።

የእኛ ቃላት፦ ስግደትና አምልኮ

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ታላቅ ሀብት አለው፤ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የጠቀለለውን በሁለት ቃላት ለይቶ ያስቀምጠዋል።

«ስግደት» በመጀመሪያ የሰውነት ሥራ ነው፤ ራስን ዝቅ ማድረግ፣ ጕልበትን ማንበርከክ፣ ግንባርን ምድር ማስነካት ነው። ሥሩ ጥንታዊ የሴም ቋንቋዎች የሚጋሩት ነው። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 በተጻፈበት በአራማይክ ቋንቋ ለስግደት የተነገረው ቃል ከግእዙ «ሰገደ» ጋር አንድ ሥር አለው። «አምልኮ» ግን «አምላክ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ወገን ነው፤ አምላክ ብሎ መያዝ፣ ለአምላክነቱ መገዛት ማለት ነው። ስለዚህ አምልኮ የሚለው ቃል ራሱ በውስጡ አምላክን ይዟልና ለፍጡር ሊነገር አይችልም። በአማርኛ «ማርያምን ታመልካላችሁን?» ተብሎ ቢጠየቅ የትኛውም የገጠር ምእመን ያለ ማመንታት «ሎቱ ስብሐት! አምልኮ ለፈጣሪዋ ነው፤ እርስዋ እናቱ ናት» ብሎ ይመልሳል።

መጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ለጣዖት አትስገድ፣ አታምልክም የሚለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥5) ሁለት ግሦች አሉት። በጽርዑ ትርጉምም እንዲሁ የስግደቱ ቃል ሌላ፣ የአምልኮው ቃል ሌላ ነው። ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ ዲያብሎስን ድል ሲነሣ የጠቀሰው ቃልም (ማቴ. 4፥10) ሁለቱን ይዟል፤ «ብቻ» የሚለው ማሰሪያም የተነገረው ከአምልኮው ጋር ነው። ሠለስቱ ደቂቅ ለንጉሡ የሰጡት መልስ ደግሞ አማልክቱን እንደማያመልኩ፣ ለምስሉም እንደማይሰግዱ የሚናገር ነው (ዳን. 3፥18)፤ በዚያ ቦታ የተጠየቀው ስግደት የአምልኮ ስግደት ነበርና ከመስገድ ይልቅ እሳቱን መረጡ።

አክብሮት ያለበት ስግደት ግን በቅዱሳን አበው ዘንድ የተለመደ ነበር። አብርሃም ለኬጢ ሰዎች ሰገደ (ዘፍ. 23፥7)፤ ያዕቆብ ለወንድሙ ለዔሳው ሰባት ጊዜ ሰገደ (ዘፍ. 33፥3)፤ ሙሴ ለአማቱ ሰገደ (ዘጸ. 18፥7)፤ በለዓም ለእግዚአብሔር መልአክ ሰገደ (ዘኍ. 22፥31)፤ ኢያሱም በታቦቱ ፊት በግንባሩ ተደፋ (ኢያ. 7፥6)። ሊቃውንቶቻችን ይህን ይዘው ለእግዚአብሔር የሚቀርበውን «የባሕርይ» ወይም «የአምልኮ ስግደት»፣ ለእመቤታችን፣ ለመላእክትና ለቅዱሳን የሚቀርበውን ደግሞ «የጸጋ» ወይም «የአክብሮት ስግደት» ብለው ለይተው አስተምረዋል። ለቅዱሳን የምንሰግደው እግዚአብሔር ስለ ሰጣቸው ጸጋ ነው፤ ክብሩም ወደ ሰጪው ይመለሳል።

ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትም ያስረዳናል። በዕለተ ሰንበት፣ ከትንሣኤ እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ኀምሳም ራስን ዝቅ ከማድረግ በቀር ግንባርን ምድር እያስነኩ መስገድ የለም። ነገር ግን እነዚህ ቀናት ቅዳሴው የደመቀባቸው ዋና የአምልኮ ቀናት ናቸው። ስግደትና አምልኮ በሁሉ ነገር አንድ ቢሆኑ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን በሰንበት አምልኮን ከለከለች ባሰኘ ነበር።

ስግደትን ስለ ከለከሉት ቅዱሳንስ?

ቆርኔሌዎስ በእግሩ ሥር ወድቆ በሰገደለት ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ እርሱም ሰው እንደሆነ ነግሮ አነሣው (የሐዋ. 10፥25-26)። ዮሐንስም በመልአኩ እግር ፊት ሊሰግድ ሲል መልአኩ ከለከለው፤ ለእግዚአብሔር እንዲሰግድም ነገረው (ራእ. 22፥8-9)። እነዚህን ንባባት ስንጠየቅ ልንሸሻቸው አይገባም፤ የቆምንበትን ድንበር የሚጠብቁልን ናቸውና። ቆርኔሌዎስ ከአሕዛብ ወገን ገና ወደ ጥምቀት የሚመጣ ነበረ፤ አሕዛብ ደግሞ ሰውን አምላክ የማድረግ ልማድ ነበራቸው። ሐዋርያው ሰው መሆኑን መንገሩ የፈራው ምን እንደሆነ ያሳያል። መልአኩም እንደ ባልንጀራ አገልጋይ ራሱን ዝቅ አድርጎ ክብሩን ወደ እግዚአብሔር መለሰ። እኛም ለቅዱሳን ስንሰግድ ይህንኑ ድንበር እንጠብቃለን፤ ከፈጣሪ ጋር የተካከለ ክብር ለማንም አንሰጥም።

ታዲያ እንዴት እንመልስ?

ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን አዝዞናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ጠያቂው ሁሉ ተንኰለኛ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በሚያውቀው ቃል ያየውን ነገር መረዳት ስለ ፈለገ ነው የሚጠይቀው።

በእኛ አገር ለታላቅ ሰው ዝቅ ብሎ እጅ መንሣት፣ የአባትን ጕልበት መሳም የአክብሮት ምልክት ነው። ይህን በቤቱ እያየ ያደገ ልጅ ስግደት ሁሉ አምልኮ እንዳልሆነ ሳይማር ያውቀዋል። በምዕራቡ ዓለም ግን በሰላምታ ጊዜ ዝቅ የማለት ልማድ ከጠፋ ቆይቷል። ቃሉ እንደ ጠበበ ሁሉ ምልክቱም ጠቧል፤ ሰው ተንበርክኮ ሲታይ አምላኩን እያመለከ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ መልሳችን ይህን ክፍተት የሚሞላ ይሁን።

በመጀመሪያ «ወርሺፕ» የምናደርገው ለቅድስት ሥላሴ ብቻ መሆኑን ያለ ማመንታት እንናገር። ጠያቂው ቃሉን በሚሰማበት ትርጉም ይህ እውነተኛ መልስ ነው። ቀጥሎ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን የምንሰጠውን «ኦነር» ማለትም አክብሮት ብለን እንጥራው፤ «ቬነሬሽን» የሚለውም በትክክል ይገልጸዋል፤ ይሁን እንጂ በተራ ንግግር ብዙ ስለማይሰማ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሦስተኛ ደረጃ «ታዲያ ለምን ትሰግዳላችሁ?» ቢለን ስግደታችንን ሳንክድ ያዕቆብ ለዔሳው፣ ሙሴ ለአማቱ የሰገዱትን እናሳየው። ስግደትን ሲተረጕሙም ሰውነት የሚሠራውን ብቻ የሚገልጸው «ባው» የሚለው ቃል ይሻላል።

ይህ በተለይ የቤተ ክርስቲያናችንን ጸሎትና መዝሙር ወደ እንግሊዝኛ ለሚመልሱ ወንድሞችና እኅቶች አደራ ነው። ስግደቱ ለእግዚአብሔር ሲሆን «ወርሺፕ» ማለት ተገቢ ነው። ለእመቤታችን፣ ለመስቀሉ ወይም ለመላእክት ሲሆን ግን ያንኑ ቃል መጻፍ የግእዙን አሳብ ያዛባል፤ በዚያ መጽሐፍ የሚማረውን ልጅም በመግቢያችን ላይ ላነሣነው ችግር ይዳርገዋል።

ራሳችንን እንመርምር

ከላይ ያቆየነውን አራተኛውን ትርጉም እናንሣ። ሰዎች ገንዘብን ወይም ዝነኛን ሰው «ወርሺፕ» ያደርጋል ሲሉ ምሳሌያዊ አነጋገር ይመስላቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን መጐምጀት ጣዖትን ማምለክ እንደሆነ በግልጥ ጽፏል (ቈላ. 3፥5)። እንግዲህ ግንባር ምድር ሳይነካ፣ ጕልበት ሳይንበረከክ አምልኮ ባዕድ በልብ ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ለቅዱሳን በመስገዳችን ጣዖት አምላኪዎች እንዳልሆንን በትክክለኛ ቃል ማስረዳት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሰንበትን ለገንዘብ የሚሸጥ፣ ከጸሎት ይልቅ የእጅ ስልኩን ስክሪን አብዝቶ የሚያይ፣ የሚያደንቀው ሰው ሲነቀፍ ከሃይማኖቱ መነቀፍ ይልቅ የሚቈጣ ሰው «አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው» ያለውን ምስክርነቱን በሥራው ያፈርሰዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ለእመቤታችን እንዲሰግዱ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚሰግዱ፣ በሚኖሩበት አገር ቋንቋም እንዴት እንደሚናገሩት እናስተምራቸው። ቃሉን የሚያውቅ ልጅ ሲጠየቅ አያፍርም፤ ያላመነውን አይናገርም፤ ያመነውንም አይክድም። ልባችንን የሚመረምር አምላክ አምልኮታችንን በመንፈስና በእውነት የምናቀርብ ያድርገን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።